«ቴምፕሌቱን ቀየርኩት፣ መስመሮቹ ግን አልሰሙኝም»፦ የአድማጮች ጥያቄና መልስ

ዛሬ የደወላችሁልን አብዛኞቻችሁ የጠየቃችሁት ማይክሮስቴሽን ስለሚባለው የኮምፒውተር መሳያ ፕሮግራም ሌቭልና ኤለመንት ቴምፕሌት ነው። በአየር ላይ ሰዓት አልበቃንም። ስለዚህ ያሳጠርኳቸውን መልሶች እዚህ ሰፋ አድርጌ ጽፌያቸዋለሁ።

ሌቭል እያለ ቴምፕሌት ለምን አስፈለገ? ሁለቱም ቀለምና የመስመር ውፍረት ይይዙ የለ?

ልክ ነዎት፣ ይደራረባሉ። ሰው ግራ የሚጋባውም እዚያ ላይ ነው። ሌቭል የሳሉት ነገር የሚቀመጥበት ቦታ ነው። ግድግዳው አንዱ ላይ፣ በሩ ሌላው ላይ ይሆናል፤ ሲፈልጉ ያበሩታል፣ ሲፈልጉ ያጠፉታል። ቴምፕሌት ደግሞ መሳል ከመጀመርዎ በፊት ሌቭሉን፣ ቀለሙን፣ የጽሑፍና የልኬት ስታይሉን ሁሉ ባንዴ ያዘጋጅልዎታል።

የክፍል ስም ሊጽፉ ነው እንበል። ያለ ቴምፕሌት ከሆነ ሌቭሉን ይቀይራሉ፣ ቀለሙን ያያሉ፣ የጽሑፍ ስታይሉን ይመርጣሉ። ወደ ግድግዳው ሲመለሱ ሁሉንም እንደገና መመለስ ሊኖርብዎ ነው። ሌቭሉን ከረሱት ግድግዳው የጽሑፍ ሌቭል ላይ ይሳላል። ኋላ ጽሑፉን ሲያጠፉ ግድግዳውም አብሮ እልም ይላል። በቴምፕሌት ግን አንድ ክሊክ ነው።

የእኔ ምክር፦ ቴምፕሌቱ ውስጥ ቀለምን፣ የመስመር ዓይነትንና ውፍረትን «ባይሌቭል» (ከሌቭሉ ውሰድ) አድርጓቸው። ያኔ ቀለም የሚወሰነው ሌቭሉ ላይ ብቻ ይሆናል። ሁለት ቦታ ከተወሰነ የትኛው እንዳሸነፈ ስትፈልጉ ትውላላችሁ።

ቴምፕሌቱ ላይ ቀለሙን ቀየርኩ። የሳልኳቸው መስመሮች ግን እንደነበሩ ናቸው። ምን አጥፍቼ ነው?

ምንም አላጠፉም። ሲስሉ የቴምፕሌት አሶሲዬሽን (የሳሉትን ከቴምፕሌቱ ጋር የሚያያይዘው መቼት) ጠፍቶ ሊሆን ይችላል። አሶሲዬሽን ሲጠፋ ቴምፕሌቱ መቼቱን ሰጥቶ ዞር ይላል፤ መስመሩም ከማን እንደተወለደ አያውቅም። ሲበራ ግን ግንኙነቱ አብሮ ይቀመጣል፣ ቴምፕሌቱ ሲለወጥ መስመሩንም ማዘመን ይቻላል። ለማጣራት አንዱን መስመር ይምረጡና ፕሮፐርቲስ (የተመረጠውን ነገር ዝርዝር የሚያሳየው መስኮት) ውስጥ የቴምፕሌት ረድፉን ይዩ። ባዶ ከሆነ እዚያው ያያይዙለት።

ሌቭሎቹን አጥፍቼ ፋይሉን እዘጋለሁ። ስከፍተው ሁሉም በርተው ይጠብቁኛል።

ይቺ ብዙ ሰው አናዳለች። ማይክሮስቴሽን የሳሉትን ወዲያው ነው የሚያስቀምጠው፤ መቼቶቹን ግን ካላዘዙት ላያስቀምጥ ይችላል። መቼቶቹ እንዲቀመጡ ከመዝጋትዎ በፊት ኮንትሮል ኤፍ ይጫኑ። ሌላም አለ፦ ሌቭል የሚጠፋው ለእያንዳንዱ ቪው (የማያ መስኮት) ለየብቻ ነው። ፕሮግራሙ 8 ቪው አለው፤ ቪው 1 ላይ ያጠፉት ቪው 2 ላይ ሊበራ ይችላል።

ስንት ሌቭል ይበቃኛል?

ድሮ ምርጫ አልነበረም። እ.ኤ.አ. ከ2001 በፊት በነበረው የፋይል ዓይነት 63 ሌቭል ብቻ ነበር፣ ያውም በቁጥር። እኔ «12 ግድግዳ፣ 13 በር» የሚል ወረቀት ስክሪኔ ጠርዝ ላይ ለጥፌ ነው የሠራሁት። ቪ8 ከሚባለው የፕሮግራሙ እትም ጀምሮ ገደቡም ተነሳ፣ በስም መሥራትም ቀለለ። አሁን ያለው ችግር የተገላቢጦሽ ነው፤ ሰው ለእያንዳንዱ ነገር ሌቭል ይከፍታል። ለብቻው የማታጠፉት ወይም ለብቻው የማታትሙት ነገር የራሱ ሌቭል አያስፈልገውም። ብዙ ሆናችሁ የምትሠሩ ከሆነ ደግሞ ሌቭሎቹንና ቴምፕሌቶቹን አንድ የዲጂኤንሊብ ፋይል (የጋራ መቼቶች ማኖሪያ) ውስጥ አኑሯቸውና ሁላችሁም ከዚያ ተጠቀሙ።

ሌላው የመሳያ ፕሮግራም፣ አውቶካድ ላይስ?

ሌቭል የሚባለው እዚያ ሌየር ነው። የቴምፕሌትን ሥራ በከፊል ቱል ፓሌት (የመሣሪያዎች ሰሌዳ) ይሠራዋል፤ እዚያ ላይ ያለ ቱል የራሱን ሌየርና ቀለም ይዞ ይመጣል። በእጅ የተቀባን ቀለም ወደ ሌየሩ ለመመለስ ሴትባይሌየር የሚል ትዕዛዝ አለ።

ከሰው የተረከብኩት ፋይል ሁሉ ነገሩ ዲፎልት (ፋይሉ ሲከፈት አብሮት የሚመጣው) ሌቭል ላይ ነው፤ የሚለየው ቀለሙ ብቻ ነው። ከየት ልጀምር?

ያ ቀለም ነው የሚያድንዎት። መጀመሪያ ኮፒ ያስቀምጡ። ከዚያ ሴሌክት ባይ አትሪቢውትስ (በቀለም ወይም በሌላ መለያ መምረጫ) ከፍተው አንድ ቀለም ይምረጡ፤ ቀዩ ሁሉ ባንዴ ይያዝልዎታል። ወደ ትክክለኛው ሌቭል ያዛውሩት፣ ቀለሙንም ባይሌቭል ያድርጉት። ቀጥሎ አረንጓዴው፣ ቀጥሎ ሰማያዊው። የጨረሱ ሲመስልዎ ዲፎልትን አክቲቭ (አሁን የሚሳልበት ሌቭል) አድርገው ሌሎቹን በሙሉ ያጥፉ። ስክሪኑ ላይ የቀረ ነገር ካለ እሱ ገና አልተዛወረም።