ድምፅሽን ከየት አመጣሽው?

ሰላም ለእናንተ ይሁን። እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ከፊት የተቀመጣችሁ የመዘምራን ልጆችም፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። ከዘጌ በጀልባ፣ ከመራዊና ከሐሙሲት በመኪና የመጣችሁ አላችሁ። ጌታ ድካማችሁን ይቁጠርላችሁ።

ስለ አንድ ዘማሪ ሕይወት እንድናገር ነው የተጠየቅሁት። አዘጋጆቹ የአገራችንን ሰው እንደምመርጥ ጠብቀው ነበር። እውነታቸውን ነው፤ የሚወራለት ዘማሪ እኛም ዘንድ ሞልቷል። ተስፋዬ ጋቢሶ በደርግ ዘመን ስለ እምነቱ ሰባት ዓመት ታስሯል። የእሱን መዝሙር ሳይሰማ ያደገ ሰው እዚህ አዳራሽ ውስጥ ያለ አይመስለኝም። እኔ ግን ዛሬ ይዤላችሁ የመጣሁት ማሄሊያ ጃክሰንን ነው። ጥቁር አሜሪካዊት ናት። ከሞተች ሃምሳ ዓመት አልፏታል። ለምን እሷን እንደመረጥኩ ቀስ እያልኩ እነግራችኋለሁ። ዓመቶቹን የምጠራው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

ማሄሊያ የተወለደችው በ1911 ኒው ኦርሊንስ በሚባል ከተማ ነው። ሚሲሲፒ የሚባለው ትልቅ ወንዝ በከተማው ያልፋል፤ የነማሄሊያ ሰፈርም ወንዙ አጠገብ ነበር። ቤታቸው ሦስት ክፍል ነው። የሚኖርበት ሰው ግን 13 ነው። አባቷ ወደብ ላይ ሸክም ይሠራል፣ ፀጉር ያስተካክላል፣ እሁድ እሁድ ደግሞ ይሰብካል። እናቷ የሞተችባት ገና አምስት ዓመት ገደማ ሲሆናት ነው። ከዚያ በኋላ አክስቷ አሳደገቻት። አክስቷ ኃይለኛ ሴት ናት፤ በቤቷ ዓለማዊ ዘፈን አይሰማም። ልጅቷ ትምህርቷን ሳትገፋበት የሰው ልብስ ማጠብ ጀመረች።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

እነማሄሊያ የሚያመልኩት ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን ነው። ቤታቸው አጠገብ ግን የሌሎች ምእመናን ጸሎት ቤት ነበር። እነዚህ ሰዎች ኦርጋን የላቸውም። ኳየርም የላቸውም። ያላቸው ከበሮ፣ ጸናጽልና አታሞ ነው። አንዱ ተቀምጦ ሌላው የሚዘምርበት ቤት አይደለም፤ ሁሉም ይዘምራል፣ ያጨበጭባል፣ ወለሉን በእግሩ ይመታል። ትንሿ ማሄሊያ ያንን እየሰማች አደገች። በኋላ ስሟ ሲገን ምቱን ያገኘችው ከእነዚያ ጎረቤቶቿ እንደሆነ በግልጽ ተናግራለች። ሌላም ነገር አልደበቀችም። የአክስቷ ልጅ ቤሲ ስሚዝ የምትባለውን የብሉዝ ዘፋኝ ሸክላዎች ይገዛ ነበር፤ ብሉዝ የጥቁር አሜሪካውያን የብሶት ዘፈን ነው። አክስቷ ከቤት ስትወጣ ማሄሊያ ሸክላውን ታስቀምጥና ትሰማለች። ድምፅ እንዴት እንደሚጎተት፣ የት ላይ እንደሚሰበር ከዚያ ተማረች።

እኔ ያደግሁት እዚሁ ባሕር ዳር፣ ጊዮርጊስ አካባቢ ነው። እዚያ ያደገ ሰው ያውቀዋል። በበዓል ሌሊት ማሕሌት ሲቆም ከበሮው የጭቃ ግድግዳችንን አልፎ ትራሴ ድረስ ይመጣል። መጀመሪያ በዝግታ ነው። ከዚያ እየፈጠነ፣ እየፈጠነ ይሄዳል። እንቅልፌን ትቼ አዳምጠው ነበር። ጠዋት ደግሞ እናቴ ዘንቢሏን ይዛ ወደ ዓባይ ትወርዳለች። እሷም የሰው ልብስ አጣቢ ነበረች። ውሃው ውስጥ እስከ ጉልበቷ ገብታ ስታጥብ ታንጎራጉራለች። ልብሱን ድንጋዩ ላይ ታሳርፈዋለች፣ ያው እሱ ምቷ ነው። ግጥሙ ብዙ ጊዜ ስለ ሞተው ወንድሟ ነበር። እኔ ሳሙናውን እያቀበልኩ እቀበላታለሁ። ዝማሬን የጀመርኩት እዚያ ነው።

በ17 ዓመቴ ኳየር ገባሁ። የመጀመሪያ ሶሎዬን ስዘምር የልምምዱ መሪ አስቆመኝ። "ድምፅሽን ከየት አመጣሽው? ለቅሶ ቤት አስመሰልሽው እኮ!" አለኝ። ልጆቹ ሳቁ። ሰውየው ክፉ አልነበረም፤ ቤተ ክርስቲያን እንዲህ አይዘመርም ብሎ ከልቡ ያምን ነበር። እኔ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ድምፄን አቀጠንኩት። አንገቴ ላይ ብቻ እንዲቀር አደረግሁት። አሥር ዓመት እንዲያ ዘመርኩ። ሰው "ጎበዝ ናት" ይላል። እኔ ቤቴ ገብቼ ባዶነት ይሰማኛል።

ማሄሊያም ያው ገጥሟታል። 16 ዓመት ገደማ ሲሆናት ወደ ቺካጎ ሄደች። እዚያም ልብስ ማጠቡ አልቀረላትም። ግሬተር ሳሌም በሚባል ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን መዘመር ጀመረች፤ ከጥቂት ወጣቶች ጋር ሆነውም በየጸሎት ቤቱ ይዞሩ ነበር። የከተማው ትልልቅ የጥቁር ቤተ ክርስቲያኖች ግን ያን ጊዜ ደስ የሚላቸው የሠለጠነ፣ የረጋ የአውሮፓ ዓይነት ዝማሬ ነው። አንድ ፓስተር ማጨብጨቧንና መወዛወዟን አይቶ በጉባኤ ፊት ገሠጻት። መልሷን ከመዝሙረ ዳዊት አወጣች፤ መዝሙር 47፦ "አሕዛብ ሁላችሁ፥ እጆቻችሁን አጨብጭቡ።" አንድ ጊዜ ደግሞ ድምፅ ሊያስተምራት ወደሚችል ሰው ሄደች። የአንዱ ትምህርት ዋጋ አራት ዶላር ነው። ለልብስ አጣቢ አራት ዶላር ያን ጊዜ ቀላል ገንዘብ አይደለም። መምህሩ መጮኽሽን ተዪ አላት። ከፍላ ወጣች፤ ሁለተኛ አልተመለሰችም።

እኔ አሥር ዓመት ታዘዝኩ። እሷ አንድ ቀን እንኳ አልታዘዘችም። ይህ ልዩነት እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ወንድሜ መዝሙሮቿን በፍላሽ ይዞልኝ የመጣ ቀን እንግሊዝኛው አልገባኝም። ስለ ሕይወቷም ምንም አላውቅም። ግን እማዬን የሰማሁ መሰለኝ። ያች ዓባይ ውስጥ ቆማ የምታንጎራጉረው ሴት። ልብስ አጣቢ እንደነበረች ያነበብኩት ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። ያን ዕለት አለቀስኩ።

ስለ ዝናዋ ብዙ አልልም፤ የፈለገ ያገኘዋል። ዋና ዋናውን ብቻ ልንገራችሁ። ቺካጎ ውስጥ የሴቶች ፀጉር ቤት ከፍታ ራሷን ትችል ነበር። ቀድሞ ብሉዝ ይጫወት ከነበረው ከመዝሙር ደራሲው ቶማስ ዶርሲ ጋር ሆና መዝሙሮቹን በየከተማው አሰማች። በ1947 ያስቀረጸችው አንድ መዝሙር ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሸክላ ተሸጠ። በ1950 ኒው ዮርክ ካርኔጊ አዳራሽ ዘመረች። የምሽት ክበቦች በብዙ ገንዘብ ጠይቀዋት እንቢ አለች። ይህን ልብ በሉልኝ፣ ልጆች። ከቤሲ ስሚዝ የተማረችውን አልካደችም፤ መጠጥ ቤት ግን አልዘመረችም። ሁለቱን ለይታ ታውቃለች። ነጮች በሚኖሩበት ሰፈር ቤት ስትገዛም በመስኮቷ ጥይት ተኩሰውባታል። ያንን ፈርታ ግን ከቤቱ አልወጣችም።

አሁን ወደ 1963 ልውሰዳችሁ። በዚያ ዓመት እኛ ከተማ በሶቪየቶች ትብብር ፖሊ ቴክኒኩ ተከፈተ፤ ያኔ ልጆች የነበራችሁ አባቶች ታስታውሱታላችሁ። ነሐሴ ውስጥ ዋሽንግተን ላይ 250,000 ያህል ሰው ለመብቱ ወጥቶ ተሰበሰበ። ማሄሊያ ዘመረች። ከእሷ በኋላ የጥቁሮች መብት ታጋዩ ማርቲን ሉተር ኪንግ ተነሣ። ኪንግ ልቡ ሲከብድበት ስልክ ደውሎ ዘምሪልኝ የሚላት ወዳጇ ነው። የጻፈውን ንግግር እያነበበ ነበር። መካከል ላይ ማሄሊያ ከኋላው ሆና ጮኸች፦ "ስለ ሕልሙ ንገራቸው፣ ማርቲን!" አጠገቡ የነበሩ ሰዎች እንደመሰከሩት ወረቀቱን ወደ ጎን አደረገ። ዓለም የሚያስታውሰውን፣ ስለ ሕልሙ ያለውን ክፍል የተናገረው ከዚያ በኋላ ነው።

እንዴት ደፈረች? እኔ እንዲህ ይመስለኛል። ባደገችበት ባህል ተናጋሪ ብቻውን አይናገርም። ጉባኤው "አሜን፣ በል እንጂ!" እያለ ይመልስለታል። እኛ አገር አውራጅና ተቀባይ እንላለን። ተቀባይ ከሌለ አውራጁ ምን ያህል ይዘልቃል? ያን ቀን ለኪንግ ተቀባይ የሆነችለት ልብስ አጣቢዋ ናት። ሙዚቃ ትምህርት ቤት ይህን አላስተማራትም። የተማረችው ከዚያ ከጎረቤት ጸሎት ቤት ነው። ያ ፓስተር ሲገሥጻት ጸጥ ብላ ቢሆን ኖሮ፣ ያን ቀን ከኋላ ሆና የሚጮኽ ድምፅ ይኖራት ነበር? እኔ አይመስለኝም።

በ1968 ኪንግ ተገደለ፤ በቀብሩ ላይ እሷው ዘመረችለት። እሷ ራሷ ጥር 1972 ላይ በ60 ዓመቷ አረፈች። ቺካጎ ላይ 50,000 ያህል ሰው አስከሬኗን ተሰናበተ። ከዚያ ወደ ተወለደችበት፣ ወደ ወንዙ ከተማ ወሰዷት።

የመዘምራን ልጆች፣ እናንተን አንድ ነገር ልለምን። ኪቦርድ ይቅር አልልም፤ ውጭ አገር የተሠራ ዝማሬም አትስሙ አልልም። ግን ልምምድ ላይ አንዷ ልጅ እንደ አያቷ ስታንጎራጉር ብትሰሙ አትሳቁባት። ማሲንቆ ይዞ የመጣውን ልጅ ከበር አትመልሱት። አንቺ ሆዬን፣ ባቲን፣ ትዝታን፣ አምባሰልን ተማሩ፤ የራሳችሁ ቅኝት ነው። መሪዎችም ድምፅ ስታርሙ ሐሳቡን አርሙ፣ ሰዓቱን አርሙ። ልጅቷ ከቤቷ ይዛ የመጣችውን ግን አትንጠቋት።

እናቴ እዚሁ ከፊት፣ ሦስተኛው ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ነጭ ነጠላ የለበሰችው ናት። ጉልበቷ ደክሟል፤ ወደ ዓባይ መውረድ ካቆመች ቆየች። ባለፈው ወር አንድ መዝሙር ጽፌያለሁ። ዜማው የእሷ ነው፤ ያ ስለ ወንድሟ የምታንጎራጉረው። ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ በሰው ፊት እዘምረዋለሁ።

ሳውንድ ላይ ያለኸው ልጅ፣ ኪቦርዱን ዝጋልኝ። ማሲንቆው ብቻ ይበቃል። እማዬ፣ እኔ ላውርድ፣ አንቺ ተቀበዪኝ።