የሁዳዴው መተው

ጤና ይስጥልኝ፣ ውድ አድማጮቼ። ዛሬ መጠጥ ስለ መተው፣ በተለይም ትቻለሁ እያልኩ ሳልተው ስለኖርኩባቸው ዓመታት እነግራችኋለሁ።

በየዓመቱ ሁዳዴ ሲገባ መጠጥ አቆም ነበር። 55ቱን ቀን አንዲት መለኪያ አረቄ ሳልቀምስ እጨርስና፣ ይህንኑ መቻሌን ችግር እንደሌለብኝ ማስረጃ አድርጌ ለባለቤቴ አቀርብላት ነበር። በፋሲካ ዕለት ግን ዶሮው ገና ሳይቀርብ ጠላው ይቀዳልኝ ነበር፤ እስከ ዳግም ትንሣኤ ድረስም በጊዜ ቤቴ የገባሁበትን ምሽት አላስታውስም። ቆይቶ የገባኝ ነገር ቢኖር፣ በጾሙ ሁሉ እየቆጠርኩ የከረምኩት ለመጠጣት የቀረኝን ቀን እንደነበር ነው።

ከሦስት ዓመት በፊት፣ ጾምም በዓልም ባልሆነ በአንድ የሰኔ ቀን አቆምኩ። በማግስቱ ባለቤቴ ያቀበለችኝን የቡና ስኒ መያዝ አቃተኝ፤ ቡናው በጣቶቼ ላይ ፈሰሰ፣ አንሶላዬም በላብ ርሶ አደረ። ወደ ጤና ጣቢያ ወሰደችኝ። ለረጅም ጊዜ አብዝቶ የጠጣ ሰው በድንገት ሲያቆም በመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ቀናት ራስን አስቶ የሚጥል መንቀጥቀጥ ሊነሣበት፣ ሕይወቱም አደጋ ላይ ሊወድቅ ይችላል። ስለዚህ እለምናችኋለሁ፣ ሐኪም ሳያውቀው ብቻችሁን አትጀምሩት።

ከዚያ በኋላ የከበደኝ «በሞቴ» የሚለው ቃል ነበር። ዘጌ ያለችው አክስቴ የሚካኤልን ዝክር ስትዘክር ዋንጫውን ይዛ ፊቴ ቆመች፤ እኔም መድኃኒት ጀምሬያለሁ አልኳት። «እንግዲያው ስትጨርስ ትጠጣልኛለህ» ብላ ቀጠሮ ያዘችልኝ። ሰበቤ እንደ ሁዳዴው ሁሉ ማብቂያ ነበረው፤ በዚያው ዓመት በጥምቀት የወደቅኩትም ይህን በር ክፍት ስለተውኩት ይመስለኛል። ሆኖም ሳምንቱ እስኪያልቅ ልጠጣ ሳልል በማግስቱ መተዌን ቀጠልኩ። በተከታዩ ኅዳር ሚካኤል «እቴቴ፣ መጠጥ ትቻለሁ» አልኳት፣ ሌላ ምንም ሳልጨምር። ጥቂት አየችኝና «በል እሺ፣ ልጄ» ብላ ከጓዳ ገብታ ብርዝ በብርሌ ይዛልኝ ወጣች። ያን ብርሌ እስክሞት አልረሳውም።

አምሮቱ ዛሬም ይመጣል፤ የሚመጣውም ከምሽቱ 12 ሰዓት ገደማ ነው። ታግዬ ላሸንፈው አልሞክርም፤ ግማሽ ሰዓት ያህል ካሳለፍኩት እንደሚበርድ ስለማውቅ በጣና ዳር እሄዳለሁ። በዚያ ሰዓት ባለ ታንኳዎቹ ከሐይቁ ይመለሳሉ። ታንኳው የሚሠራበት ደንገል ውሃ ስለሚጠጣ፣ ታንኳውን ከውሃ አውጥተው ለነገ እንዲደርቅ ያቆሙታል፤ ከግርጌው ውሃው ጠብ ጠብ ሲል ቆሜ አያለሁ፣ ከዚያም ወደ ቤቴ እመለሳለሁ።

አሁንም ለ12 ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሆኗል። መቅረጫውን ዘግቼ ልውጣ።