እንጨቱን አዙሩት

የተከበራችሁ አናጺዎች፣ የቤት ዕቃ ሠሪዎች፣ ገና ሙያውን በመማር ላይ ያላችሁ ልጆቻችን፣ ከሥራ ሰዓታችሁ ቆርሳችሁ የመጣችሁ ሁሉ፤ እንደምን አደራችሁ።

«በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» ይባላል። እኔ ግን የተጋበዝኩት ስለ ጨዋታው ሳይሆን ስለ ጌጡ እንድናገር ነውና ትንሽ ብቆጣ አትፍረዱብኝ።

በመርሐ ግብሩ ላይ የሰፈረው ርዕስ «የገና ጌጥ በስክሮል መጋዝ አሠራር» የሚል ነው። ስክሮል መጋዝ ማለት ቀጭን ምላጩ ወደ ላይና ወደ ታች እየተመላለሰ ጥምዝ ቅርጽ የሚቆርጥ ማሽን ነው። የእንጨት ምርጫውን፣ አቆራረጡን፣ ዘይት አቀባቡን፣ ዋጋ አወጣጡን ሁሉንም እንድነካ ተጠይቄአለሁ። እነካለሁ። አንዱ ላይ ግን ጎጆ ቀልሼ እቀመጣለሁ፤ ሰዓት ያዡ ይቅርታ ያድርጉልኝ።

ታኅሣሥ ሲገባ ባዛሩን ዙሩት። ኮከቡ፣ መልአኩ፣ የላሊበላው መስቀል በክር ተንጠልጥሎ ታገኙታላችሁ። አንዱን አውርዱና ጠርዙን እዩት፤ ጥቁር ነው። በጣታችሁ አሹት፤ ጥላሸት ይወጣል። አሽትቱት፤ ጭስ ጭስ ይላል። 3 ሚሊ ሜትር ኮምፔርሳቶ ወይም ከእንጨት ብናኝ የተጨመቀው ኤምዲኤፍ ነው፤ የቆረጠው ደግሞ ሌዘር ማሽን ነው። ሌዘር ነውር የለበትም። ቆረጠ፣ አሳምሮ ቆረጠ፣ ዋጋውም ቀነሰ። ነውሩ ከጎኑ የታሰረው ካርድ ላይ ነው፤ «በእጅ የተሠራ» ይላል።

የማን እጅ? ቁልፉን የተጫነው ጣት ነው?

ከዚህም የባሰ አለ። ሌዘር ቤት አስቆርጦ፣ ጥቁሩን ጠርዝ በብርጭቆ ወረቀት ፈትጎ፣ ሻይ ቀብቶ ያረጀ አስመስሎ የሚሸጥ አለ። ይህን የሚያደርገው ባሕር ማዶ ያለ ነጋዴ አይደለም፤ እዚሁ፣ ከእኛው መካከል ነው። ስም አልጠራም። ሳቃችሁ ግን ጠርቶታል።

እንግዲህ ምን እናድርግ? ብዙዎቻችሁ የያዛችሁት መልስ ያንኑ ጠፍጣፋ መስቀል በመጋዝ መቁረጥ ነው። ሒሳቡን እንሥራው። ሦስት ባለ 3 ሚሊ ሜትር ኮምፔርሳቶ ደርባችሁ ዙሪያውን በፕላስተር አሠራችሁ እንበል። የላሊበላ ዓይነት ጥልፍልፍ መስቀል 40 የውስጥ ክፍተት ይኑረው። ለእያንዳንዱ ክፍተት በትራፓኖ ትበሳላችሁ፣ ምላጩን ከላይ ትፈታላችሁ፣ በቀዳዳው ታሳልፋላችሁ፣ መልሳችሁ ታጠብቃላችሁ፣ ትቆርጣላችሁ፣ ደግሞ ትፈታላችሁ። ለአንዱ 2 ደቂቃ ብንይዝ 80 ደቂቃ ነው፤ ለሦስት መስቀል። ሌዘሩ እንዲህ ያለውን በጥቂት ደቂቃ ይጨርሳል፣ ገዢውም ሁለቱን ጎን ለጎን ቢያይ አይለይም። ባልተለየ ነገር ላይ ጉልበት መጨረስ ሙያ አይባልም። እልህ ነው።

እኔ የምለው አንድ ነገር ነው፤ እንጨቱን አዙሩት።

ጀርመን አገር፣ ከቼክ ድንበር አጠገብ፣ ዛይፈን የሚባል ትንሽ ተራራማ ከተማ አለ። የድሮ ኑሮው ቆርቆሮ ማዕድን ማውጣት ነበር። ማዕድኑ እየተመናመነ ሲሄድ ሰዉ ወደ እንጨት ዞረ፤ ዛሬ የገና ጌጥ ሲባል ስሙ ይነሣል። ታዲያ የዛይፈን ሠሪዎች የእንስሳ ቅርጽ ሲሠሩ አንድ በግ፣ ከዚያ ሌላ በግ እያሉ አይቀርጹም። ከግንድ ላይ ክብ ቁራጭ ይወስዳሉ፣ እርጥብ እንዳለ እንጨት በሚያሽከረክረው ማሽን፣ በቶርኖ ላይ ያስሩታል፣ ፊትና ኋላውን እየቦረቦሩ ቀለበት ያደርጉታል። ቀለበቱን ስታዩት ጎድጎድና ጉብታ ብቻ ነው፤ የምን እንደሆነ አይገባችሁም። በቢላዋና በመዶሻ ሲሰነጥቁት ግን እያንዳንዱ ቁራጭ ከጎኑ በግ ነው! ፈረስ ከሆነም ፈረስ። ከአንድ ቀለበት መንጋ ይወጣል። ሠሪው ቶርኖው ላይ ሳለ በጉን አያየውም፤ የሚያውቀው እጁ ነው። ይህን የማነሣው እንድንቀዳው አይደለም። እነዚያ ሰዎች ከማሽናቸው ላይ ሌላው የማያገኘውን አንድ ብልሃት አወጡ። ስክሮል መጋዝም እንዲህ ያለ ብልሃት አለው፣ እኛ ግን እንደ ወረቀት መቀስ እየተጠቀምንበት ነው።

ብልሃቱ እንዲህ ነው። መሶብ እንውሰድ። ክዳኑ ሾጣጣ፣ ወገቡ ቀጭን፣ እግሩ ሰፊ፤ ለገና ዛፍ ከዚህ የተሻለ ቅርጽ የት ይገኛል? 4 በ4 ሴንቲ ሜትር ወርድ፣ 9 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያለው እንጨት አዘጋጁ። የእንጨቱ ጭረት በርዝመቱ ይሂድ፤ አግድም ከሄደ ወገቡ ላይ ቀጭ ይላል። አራቱም ማዕዘን በስኳድራ ይለካ። እዚህ ላይ «ይሁን፣ ይበቃል» ያለ ሰው መጨረሻ ላይ ያለቅሳል።

ንድፉን ወረቀት ላይ ሁለት ጊዜ ጎን ለጎን ሣሉ፣ መካከሉን እጠፉ፣ እጥፉን ከእንጨቱ ጠርዝ ጋር ገጥማችሁ በተጎራባቾቹ ሁለት ፊቶች ላይ ለጥፉ። ማጠፉ ለውበት አይደለም። ሁለቱን ለየብቻ ብትለጥፉ አንዱ በ1 ሚሊ ሜትር ከፍ ይላል፣ የአንዱ ፊት ወገብ ከሌላው ወገብ ጋር አይገናኝም። የመሶቡ እግር ከእንጨቱ ጫፍ ጋር እኩል ይሁን፤ ከክዳኑ በላይ ግን 1 ሴንቲ ሜትር ትርፍ ተዉ። በላዩ ላይ የካርቶን ማሸጊያውን ፕላስተር ለጥፉበት፤ ምላጩ በቀላሉ እንዲሄድና እንጨቱ እንዳይለበለብ ይረዳል።

አሁን ወደ ማሽኑ። ጠረጴዛው ከምላጩ ጋር ትክክል 90 ዲግሪ መሆኑን ሳታረጋግጡ አትጀምሩ። አንድ ዲግሪ ብትዛነፍ 4 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ላይ 0.7 ሚሊ ሜትር ትስታላችሁ፤ ኮምፔርሳቶ ላይ የማይታየው ስህተት እዚህ መሶቡን ያዘምመዋል። ማረጋገጫው ቀላል ነው። ባለ 4 ሴንቲ ሜትር ቁራጭ እንጨት ላይ 2 ሚሊ ሜትር ያህል ግቡና አቁሙ። ቁራጩን ወደ ምላጩ ጀርባ አዙሩት። የምላጩ ጀርባ በዚያችው የመጋዝ ቁርጥ ውስጥ ሰተት ብሎ ከገባ ትክክል ነው፤ ከነከሰ ጠረጴዛውን አስተካክሉ።

ምላጩ ቁጥር 5 ወይም 7 ይሁን፤ ጥርሱ አለፍ አለፍ ብሎ የተቀመጠው ዓይነት። ጥርሱ ከተጠጋጋ ሰጋቱራው መውጫ ያጣል፣ ይሞቃል፣ እንጨቱን ያጠቁራል። ጥርሱ ወደ ታች ይመልከት። የምላጩ ውጥረት እንደ ክራር ጅማት ነው፤ በጣት ስትነኩት ቀጥን ያለ ጥርት ያለ ድምፅ ይስጣችሁ። ከጎን ስትገፉት ከ3 ሚሊ ሜትር በላይ ከሸሸ ላልቷል። የላላ ምላጭ ወፍራም እንጨት ውስጥ ሆዱን ይነፋል፤ ላይኛው ፊት መስመሩን ይዛችሁ እየሄዳችሁ ታችኛው ፊት ሌላ ቅርጽ ይቆረጣል።

ከእግሩ በኩል ግቡ፣ የግራውን መስመር ይዛችሁ ውጡ፣ የክዳኑን ጫፍ ዙሩ፣ በቀኙ ተመለሱ፣ በእግሩ ውጡ። አትግፉ። ምላጩ ወደ አንድ ጎን የመሳብ ጠባይ አለው፤ ፋብሪካ ሲሠራ አንደኛው ጠርዙ ላይ ሸካራ የብረት ትርፍ ስለሚቀርበት ነው። አትታገሉት፤ እንጨቱን ጥቂት ዲግሪ ዞር አድርጋችሁ መግቡት።

ስትጨርሱ ምንም አታውጡ! እዚህ ነው ልጆቹ የሚሳሳቱት፤ ቅርጹን ለማየት ይቸኩላሉ። መካከለኛው ቁራጭ በቦታው ይቀመጥ፣ የውጪው እንደ ፈረስ ጫማ አቅፎት ይቆይ። በጣታችሁ ጨበጥ አድርጋችሁ በፕላስተር ዙሪያውን ጠቅልሉት። አትጨቁኑት። ምላጩ የበላው ግማሽ ሚሊ ሜትር ያህል ክፍተት ጨርሶ ከተደፈነ እንጨቱ ይጠብና ሁለተኛው ንድፍ ከቦታው ይሸሻል። ከዚያ 90 ዲግሪ አዙሩት፣ ሁለተኛውን ፊት እንደ መጀመሪያው ቁረጡ።

አሁን ፕላስተሩን ቅደዱ። የውጪው ቁርጥራጭ ይረግፋል፣ መሶቡ በእጃችሁ ይቀራል። አራት ማዕዘን ያለው መሶብ ነው፤ ክብ የሚያደርገው ብርጭቆ ወረቀት ነው፣ መጀመሪያ ቁጥር 120 ከዚያ ቁጥር 220። ከበሮም እንዲሁ ይወጣል። ከዚህ ሥራ ላይ ግን አንድ ጥቁር ጠርዝ የሚያሳየኝ፣ ወይም 4 ሴንቲ ሜትር ዋንዛ በሁለት አቅጣጫ በሌዘር ቆርጦ የሚያመጣልኝ ካለ፣ ካርዱን እኔው ራሴ እጽፍለታለሁ!

በኮምፒውተር የሚመራው ባለ አራት ዘንግ መቅረጫ ማሽን፣ ሲኤንሲ፣ ይችላል የሚል አይጠፋም፤ ከኋላ አንድ እጅ ተነሥቷል። ይችላል። ግን የሲኤንሲ ፑንታ፣ መቁረጫ ጫፉ፣ ክብ ነው፤ የክዳኑና የወገቡ መጋጠሚያ ላይ ያለችውን ጠባብ ማዕዘን ያደበዝዛታል። 1 ሚሊ ሜትር ያህል ወርድ ያለው ምላጭ ግን ይገባባታል።

ስለ እንጨቱ ባጭሩ። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ቁጥር 94 ዋንዛን፣ ኮሶን፣ ዝግባንና ጥድን ከመንግሥትና ከክልል ደን መቁረጥን ከልክሎ ነበር። ለጌጥ ብሎ ዛፍ የሚቆርጥ ሰው መቼም ጤነኛ አይደለም። የእኛ እንጨት ከቤት ዕቃ ሠሪው ደጃፍ የሚጣለው የጠረጴዛ እግር ቅሪት ነው፤ 40 ሴንቲ ሜትር ቁራጭ አራት መሶብ ይሰጣል። ለጀማሪ ዋንዛ ወይም ዝግባ። ወይራ ሲወለወል እንደ መስታወት ነው፣ ምላጭ ግን ይበላል። ባሕር ዛፍ ይሰነጠቅባችኋል።

ቅቡ የተልባ ዘይት ይሁን፤ በስሱ ቀብታችሁ ትርፉን ጥረጉ። ጥሬው ለመድረቅ ቀናት ይፈጅበታልና የገና ዋዜማ ላይ እንዳትጀምሩ። ዘይት የጠጣውን ጨርቅ ጠቅልላችሁ ጥግ አትጣሉ፤ ራሱን አሙቆ እሳት ያነሣል። ዘርግታችሁ ውጭ አድርቁት ወይም ውኃ ውስጥ ንከሩት። ማንጠልጠያው ትንሽ ባለ ቀለበት ብሎን ነው፤ በ1 ሚሊ ሜትር ፑንታ ሳትበሱ ካስገባችሁት ክዳኑ ይሰነጠቃል። የአፍ መሸፈኛም አድርጉ።

ምላጩ የሚሸጠው በደርዘን ነው፤ ደርዘኑ በደብዳቤ ፖስታ ይገባል። ውጭ አገር ዘመድ ያላችሁ ሽቶውን ትታችሁ እርሱን አስመጡ።

ዋጋ? ደቂቃችሁን ቁጠሩ፣ የእንጨቱንና የምላጩን ጨምሩ። ካርዱ ላይም ዝም ብላችሁ «በእጅ የተሠራ» አትበሉ። «ከአንድ ወጥ ዋንዛ፣ በሁለት አቅጣጫ በመጋዝ የተቆረጠ» ብላችሁ ጻፉ፤ ያልሠራው ሰው ይህን ሊገለብጠው ሲል እጁ ይንቀጠቀጣል።

እንጨቶቹ በግራ በኩል ጠረጴዛው ላይ ተደርድረዋል፣ ንድፉም ተለጥፎባቸዋል። ማሽኖቹ አራት ናቸው፤ በየተራ። መጨረሻ ላይ የሚነሣው ሰው ምላጩን አላልቶ ይነሣ።