የበቆሎ መፈልፈያ ማሽን ለካታሎግ ሲነሣ፦ ስለ ብርሃንና ስለ ሌየር

ጤና ይስጥልን፣ ውድ ተመልካቾቻችን። የዛሬው ርእሳችን የማሽን ፎቶ ነው። በባሕር ዳርም ሆነ በሌሎች የጎጃም ከተሞች ያሉ ወርክሾፖች የሠሩትን ማሽን በቴሌግራም ሲያስተዋውቁ እናያለን፤ ሥራው ጥሩ ሆኖ ሳለ ፎቶው ግን ያሳዝናል። ከደንበጫ ሆኖ በስልኩ የሚመለከተው ገዢ የመፈልፈያው ከበሮ (ክቡ የብረት አካሉ) ስቴንለስ ስቲል ይሁን ተራ ላሜራ፣ ብየዳው የጸዳ ይሁን የተዝረከረከ ሊለይ አይችልም። ይህ የሚያስቆጭ ነገር ነው፤ ምክንያቱም ችግሩ የካሜራ ዋጋ ሳይሆን የብርሃን አሰጣጥ ነው።

አሁን ወደ ጣና ልውሰዳችሁ። በማለዳ፣ ነፋስ ሳይነሣ፣ ባሕር ዳር ላይ ከዳርቻው ቆማችሁ ውሃውን ተመልከቱት። ከዛፎቹ ሥር ያለው ውሃ ወደ ጥቁር ያደላል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ግን ደመና ካለ ነጭ፣ ሰማዩ ከጠራ ሰማያዊ ነው። ታንኳ ሲያልፍ የደንገሉ ቢጫነት በውሃው ላይ ተዘርግቶ አብሮ ያልፋል። ውሃው አንድ ውሃ ነው። ዐይናችሁ የሚያየው ግን ፊት ለፊቱ የቆመውን ነገር ነው። ጥቂት እርምጃ ወደ ጎን ብትሉ ነጭ የነበረው ቦታ ይጨልማል፤ ውሃው አልተለወጠም፣ የተለወጠው የእናንተ መቆሚያ ነው። ነፋስ ሲነሣ ደግሞ ሞገዱ የውሃውን ገጽ ያሻክረዋል፤ የዛፉም የደመናውም ምስል ይሰባበርና ብርሃኑ ይበተናል። እንግዲህ የተወለወለ ብረት የማለዳው ጣና ነው፤ ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰ ሻካራ ብረት ደግሞ ነፋስ የመታው ጣና ነው።

ይህን ምሳሌ በእጅጉ የምወደው ሥራውን ሁሉ ስለሚመራ ነው። ፍላሹን በቀጥታ ወደ ከበሮው ብታበሩ፣ ጨለማ ውስጥ የምትበራ አንዲት ነጭ ነጥብ ብቻ ታገኛላችሁ፤ ከበሮው ከፍላሹ ሌላ የሚያንጸባርቀው ብሩህ ነገር የለውምና። ስለዚህ ለብረቱ ሰማይ ሥሩለት። ሁለት ሜትር ያህል አቡጀዲ በእንጨት ፍሬም ላይ ወጥሩ፤ ከካሜራው ቦታ ሆናችሁ ከበሮውን እያያችሁ፣ ነጩ ጨርቅ በብረቱ ላይ እስኪሞላ ድረስ ረዳታችሁ ያንቀሳቅሰው፤ ፍላሹን ከጨርቁ ጀርባ አድርጉ። ፍላሹ ወደ ጨርቁ አንድ ጫፍ ሲጠጋ ብርሃኑ ከዚያ ጀምሮ ቀስ በቀስ ይደበዝዛል፤ ከበሮው ክብ መሆኑን ለተመልካች የሚነግረው ይህ መደብዘዝ ነው። ጨርቁ እኩል ከበራ ከበሮው ጠፍጣፋ ቆርቆሮ ይመስላል። በጠርዙ በኩል ደግሞ ጥቁር ጨርቅ ስቀሉ፤ ብረቱ ከነጭ ዳራ የሚለይበት መስመር ከዚያ ይገኛል።

(በስክሪኑ ላይ፦ ከበሮው በቀጥታ ፍላሽ እና በአቡጀዲ፣ ጎን ለጎን)

የካሜራውን ነገር ስለምታውቁት ፈጠን ልበል። አይኤስኦ 100፣ አፐርቸር ኤፍ 8 ወይም ኤፍ 11፣ ሌንስ ከ85 እስከ 100 ሚሊ ሜትር፣ ዋይት ባላንስ 5500 ኬልቪን አካባቢ ተቆልፎ፣ ፎከስ በእጅ፣ ካሜራው በትራይፖድ ላይ። የወርክሾፑን በር ዝጉ፤ በሩና በጣሪያው ላይ ያሉት ብርሃን አስገቢ ቆርቆሮዎች ደመና ባለፈ ቁጥር ብርሃኑን ስለሚለዋውጡት፣ የሚሻለው ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ መሥራት ነው።

እዚህ ላይ ቆም ማለት አለብኝ፤ ስለ ብረት በተናገርን ቁጥር ከተመልካቾች የሚመጣ ጥያቄ አለ። «ይህ ሁሉ አቡጀዲ ለምን አስፈለገ? ፖላራይዘር ፊልተር ሌንሱ ላይ ባስር ነጸብራቁ አይጠፋም ወይ?» የሚል ነው። ጥያቄው ከየት እንደ መጣ ይገባኛል፤ በጣና ውሃ ላይ ፊልተሩ በእርግጥ ይሠራልና። ብርሃን ከውሃ፣ ከመስታወት፣ ከፕላስቲክ ወይም ከቀለም ቅብ ላይ በተወሰነ ማዕዘን ሲንጸባረቅ፣ ሞገዱ በአብዛኛው በአንድ አቅጣጫ የሚርገበገብ ይሆናል። ፈረንሳዊው ኤቲየን ሉዊ ማሉስ ይህን ያስተዋለው በ1808 እ.ኤ.አ. ከፓሪሱ የሉክሰምበርግ ቤተ መንግሥት መስኮቶች የተንጸባረቀችውን ፀሐይ በካልሳይት ክሪስታል ሲመለከት ነው። ለውሃ ማዕዘኑ በገጹ ላይ ቀጥ ብሎ ከሚቆመው መስመር ወደ 53 ዲግሪ፣ ለመስታወት ወደ 56 ዲግሪ ነው። ፊልተሩ ያን አንዱን አቅጣጫ ይከለክላል፣ ነጸብራቁም ይጠፋል።

ብረት ግን ሌላ ነው። በውስጡ በነፃነት የሚንቀሳቀሱት ኤሌክትሮኖች በየትኛውም አቅጣጫ የሚርገበገበውን ሞገድ አጥብቀው ስለሚመልሱት፣ ፊልተሩ ነጥሎ የሚከለክለው ነገር አያገኝም። የማሽኑን ፑሊ ቀረብ ብላችሁ ብታዩ ነገሩ ግልጽ ይሆናል፦ ፊልተሩን ስታዞሩት ቀይ ቀለም በተቀባው ጎን ላይ ያለው ነጭ ብልጭታ ይከስምና ቀዩ ይደምቃል፤ ቺንጋው እየፈተገ መስታወት ያደረገው ጠርዝ ግን እንደ ነበረ ያበራል። አንድ ፑሊ፣ አንድ ብርሃን፣ ሁለት ውጤት። ፍላሹንም በፖላራይዘር ሸፍናችሁ አቅጣጫውን ከሌንሱ ፊልተር አቅጣጫ ጋር ብታቋርጡት የብረቱም ነጸብራቅ ይጠፋል፤ ያን ጊዜ ግን የተወለወለው ብረት ወደ ጥቁርነት ይለወጣል፣ ከነጸብራቁ ሌላ የሚታይ ብዙ ነገር የለውምና። ስለዚህ ፊልተሩን ለቀለሙና ለመቆጣጠሪያው መስታወት ግዙት፣ ለከበሮው ግን አቡጀዲውን አትተዉ። ፊልተሩ ከግማሽ በላይ ብርሃን እንደሚወስድባችሁም አስቡ።

አሁን ብዙ ፎቶዎችን አንድ አድርጎ ወደ ማዋሃዱ እንሻገር። ለከበሮው የተመቸው የጨርቅ ቦታ ለእህል ማስገቢያው አይመችም፤ ለማስገቢያው የተመቸው የሞተሩን የመረጃ ሳህን ያጨልመዋል። ስለዚህ ካሜራውን ሳትነኩ፣ በሪሞት ወይም በ2 ሴኮንድ ታይመር፣ ለእያንዳንዱ ክፍል ብርሃኑን እያዛወራችሁ ለየብቻ አንሡ። ፎቶሾፕ ላይ እንደ ሌየር (አንዱ በሌላው ላይ እንደሚነጠፍ ንብርብር) ደርድሯቸው፣ ለእያንዳንዱ ጥቁር ማስክ (ምስሉን የሚሸፍን መጋረጃ) ስጡት፣ የምትፈልጉትን ክፍል በለስላሳ ነጭ ብሩሽ ግለጡ። ቡሎኖቹንና ጥቁር ጎኖቹን ለማውጣት ላይተን የሚለው ሞድ (የሌየሮች መዋሃጃ ስልት) ይበቃል፤ ከሁለቱ ሌየሮች የበራውን ያስቀራል። የማስክ አሠራሩን በዝርዝር የምናሳይበት ቪዲዮ እንዳያመልጣችሁ ቻናሉን ሰብስክራይብ አድርጉ።

በዚህ ደረጃ የማልደራደርበት አቋም አለኝ። አቧራና የእጅ አሻራ ይጥፋ፤ የብየዳው መስመር ግን ይቆይ። የቺንጋው መከለያ ከማሽኑ ጋር የማይሸጥ ከሆነ ከሌላ ፎቶ አምጥታችሁ አትግጠሙበት። ገዢው በፎቶው ተማምኖ ገንዘቡን ይልካል፤ መከለያ አለው ብሎ ያሰበው ማሽን ሳይከለል ቢደርሰው አደጋ ላይ የሚወድቀው የእሱ እጅ ነው።

በመጨረሻ ጥላው ይቀራል። ማሽኑን ቆርጣችሁ ነጭ ዳራ ላይ ስታስቀምጡት በአየር ላይ ይንሳፈፋል። ስለዚህ ስታነሡ ከሥሩ ነጭ ሰሌዳ አንጥፉ፤ እውነተኛውን ጥላ በራሱ ሌየር አስቀምጣችሁ ሞዱን መልቲፕላይ (ከሥሩ ያለውን የሚያጨልመው) አድርጉት። ከጎማው ሥር፣ ጎማው መሬት በሚነካበት ቦታ ያለችው ጠባብ ጥቁር መስመር ከሁሉም ጥላ ጠቁራ መታየት አለባት፤ ወደ ውጭ በራቀ ቁጥር ጥላው ይሳሳል፣ ጠርዙም ይለሰልሳል።