ደራሲው የት ቆሞ ነው የሚያወራኝ?

የተከበራችሁ ታዳሚዎች፣ የንባብ ወዳጆች፤

ልብ ወለድ አንብቦ የጨረሰን ሰው «እንዴት ነው?» ብላችሁ ጠይቁት። «አሪፍ ነው» ይላችኋል። «ምኑ?» ስትሉት «ታሪኩ» ይላል። «ታሪኩ ምን አለው?» ካላችሁት ደግሞ ቁጭ አድርጎ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይተርክላችኋል፤ ልታነቡት አስባችሁ ከነበረ ጉድ ሆናችሁ። ይህ ሁሉ ተወርቶም ሰውየው መጽሐፉን ለምን እንደ ወደደው አልነገራችሁም። ብዙ ጊዜ እሱም አያውቀውም።

ዛሬ የማወራው ስለዚያች ስለ «ምኑ?» ነው። ሰሞኑን ካነበብኳቸው ልብ ወለዶች ጥቂቱን ይዤ መጥቻለሁ። ዓለም የመሰከረላቸው ናቸው፤ የእኔን ፍርድ የሚጠብቁ አይደሉም። ይልቅ እነሱ እኔን ምን እንዳደረጉኝ፣ ከዚያም ተነስቼ ስለ ገዛ ምርጫዬ ምን እንደ ተረዳሁ ነው የምነግራችሁ።

በ«ወንጀልና ቅጣት» ልጀምር። ዶስቶየቭስኪ ይህን ሥራ በ1866 እ.ኤ.አ. በመጽሔት ላይ በተከታታይ ነው ያወጣው። ራስኮልኒኮቭ የሚባል ድሃ ወጣት በመያዣ የምታበድር አንዲት አሮጊት እንደሚገድል መጽሐፉን ያላነበበ ሰው እንኳ ሰምቷል፤ ስለዚህ ምስጢር አባከንክ አትሉኝም። ግድያው የሚፈጸመው ገና በመጀመሪያው ክፍል ነው፤ ከዚያ በኋላ አምስት ክፍልና አንድ መደምደሚያ ይቀራል። እኔን ቀፍድዶ የያዘኝ ግን ግድያው ሳይሆን ከግድያው በኋላ ያሉት ጥቂት ደቂቃዎች ናቸው። ራስኮልኒኮቭ ከአሮጊቷ ቤት ሳይወጣ ሁለት ሰዎች ተከታትለው መጥተው በሩን ያንኳኳሉ። እሱ ከውስጥ፣ እነሱ ከውጭ፣ መሃላቸው አንድ በር። አንደኛው በሩን ይዞ ይነቀንቀዋል፤ የውስጡ መንጠቆ ይዘላል፤ ራስኮልኒኮቭ መንጠቆው ተነቅሎ ይወድቃል ብሎ ዓይኑን ተክሎበታል። ያኔ ሁለተኛው ሰው አንድ ነገር ያስተውላል። በሩ የሚነቃነቀው በቁልፍ ስላልተቆለፈ ነው። በመንጠቆ ከተያዘ ደግሞ ከውጭ ሊያዝ አይችልም። እንግዲያው ውስጥ ሰው አለ።

እዚህ ገጽ ላይ ራሴን ታዘብኩት። አሮጊቷና አብራ የተገደለችው እህቷ ወለል ላይ ተዘርረው እያየሁ፣ የምጨነቀው ለገዳዩ ነው! እንዲያመልጥ ነው የምመኘው። ደራሲው «እዘኑለት» አላለኝም፤ ስለ ኅሊናም አልሰበከኝም። ከራስኮልኒኮቭ ጎን አቁሞ መንጠቆዋን አሳየኝ፤ በቃ። ሰው ሁሉ የሚጠቅሰው ስለ ታላላቅና ስለ ተራ ሰዎች የሚደረገው ክርክር ለእኔ ያቺን መንጠቆ አያህልም። መደምደሚያውን ደግሞ፣ ላለመዋሸት፣ ገጽ እየቆጠርኩ ነው የጨረስኩት። ያን ሁሉ ጊዜ ከሰውየው ትከሻ ያልራቀው ተራኪ እዚያ ሲደርስ ኮረብታ ላይ ወጥቶ የሚናገር መሰለኝ።

ቀጥዬ ያነበብኩት የናይጄሪያዊውን የቺኑዋ አቼቤን የመጀመሪያ ልብ ወለድ፣ «ቲንግስ ፎል አፓርት»ን ነው፤ በ1958 እ.ኤ.አ. የታተመውን፣ የኦኮንኮን ታሪክ። ከዶስቶየቭስኪው ጋር በምን ይገናኛል ብትሉ በምንም ነው የምላችሁ። ያ በጠባብ ክፍል ውስጥ በሐሳብ የሚቃዥ ከተሜ ነው፤ ይህ በትግል ዝናውና በጎተራው የሚኮራ የኢግቦ ገበሬ። የመጀመሪያው ደራሲ ሲጽፍ ይጎርፋል፤ ሁለተኛው ቃል ይቆጥባል።

ኢኬሜፉና የሚባል ልጅ ከሌላ መንደር በካሳ ተሰጥቶ ኦኮንኮ ቤት ሦስት ዓመት ይኖራል። ኦኮንኮን «አባቴ» ማለት ይጀምራል። ልጁ እንዲገደል ሲወሰን አንድ ሽማግሌ መጥተው ኦኮንኮን ይመክሩታል፤ ልጁ አባቴ ይልሃልና በሞቱ እጅህን አታስገባ ይሉታል። ኦኮንኮ ግን አብሮ ይወጣል። የመጀመሪያው ምት ሲያርፍበት ልጁ «አባቴ!» እያለ ወደ እሱ ይሮጣል፤ ኦኮንኮ ገጀራውን መዝዞ ይጥለዋል። ለምን? አቼቤ መልሱን በአንድ አጭር ዓረፍተ ነገር ይሰጥና ያልፋል፤ ደካማ ነው እንዳይባል ፈርቶ ነበር። ከዚህ በላይ ማብራሪያ የለም፤ «ወዮ» የለም፤ አንባቢውን የሚያባብል አንዲት ቅጽል የለችም። ቀጥሎ የምናየው ሰውየው ለሁለት ቀን እህል አልቀምስ ማለቱንና መጠጡን ብቻ ነው።

እንግዲህ እነዚህ ሁለት መጻሕፍት ናቸው የንባብ ምርጫዬን ያስተዋወቁኝ። ከዚህ በፊት «ምን ዓይነት ልብ ወለድ ትወዳለህ?» ስባል የዘውግ ስም እጠራ ነበር፤ ታሪካዊ፣ ማኅበራዊ፣ የወንጀል እያልኩ። በዚያ አመዳደብ ቢሆን ሁለቱ በአንድ መደርደሪያ ላይ አይቀመጡም። የሚያገናኛቸው ተራኪው የሚቆምበት ቦታ ነው። ሰው ማድረግ እንደሌለበት እያወቀ አንድ ነገር ሲያደርግ ክንድ በማይሞላ ርቀት ቆሞ የሚያሳየኝ፣ አሳይቶኝም ዝም የሚል ደራሲ ልቤን ይገዛዋል። ርዕሰ ጉዳዩና አገሩ ግድ አይሰጡኝም።

ይህ እውነት መሆኑን ያረጋገጥኩት ደግሞ በማልወደው መጽሐፍ ነው። የጋብሪኤል ጋርሲያ ማርኬስ «የመቶ ዓመት ብቸኝነት» በ1967 እ.ኤ.አ. ከወጣ ጀምሮ ስንቱን አንባቢ እንዳሰከረ ታውቃላችሁ። ሰሞኑን እስከ መጨረሻው አነበብኩት። ምናቡ ጉድ ነው። በመጽሐፉ ውስጥ አንድ ኮሎኔል ከ17 ሴቶች 17 ወንዶች ልጆች ይወልድና ሁሉም አውሬሊያኖ ይባላሉ፤ ይህን አንብቦ የማይስቅ የለም። ግን አንድም ቀን ለማንም ሰው አልተጨነቅሁም። ተራኪው ትውልድን ከላይ ሆኖ ነው የሚያየው፤ ሰዎቹ ይወለዳሉ፣ ያፈቅራሉ፣ ያብዳሉ፣ ይሞታሉ። ንግግር እንኳ ሲበዛ ጥቂት ነው። አንዱን ሰው ቀረብ ብዬ እጁን ልየው ስል ተራኪው ሃያ ዓመት ዘሎ ሄዷል። አደነቅኩት፤ አልወደድኩትም። ሁለቱ የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ በአንድ መጽሐፍ ላይ ሁለቱንም ማለት ነውር የለውም።

እዚህ ላይ ናንሲ ፐርል የተባሉ አሜሪካዊት የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ የሚሉት ነገር ረድቶኛል። አንባቢ ወደ መጽሐፍ የሚገባው በአራት በሮች ነው ይላሉ፤ በታሪኩ፣ በገጸ ባሕርያቱ፣ በቦታውና በዘመኑ፣ ወይም በቋንቋው። አንዱን መጽሐፍ አንዳችን «ማስቀመጥ አቃተኝ» ስንል ሌላችን «እንቅልፍ አመጣብኝ» የምንለው በተለያየ በር ስለምንገባ ነው። በቋንቋ በር የሚገባ ሰው ማርኬስን ቢያመልክ አይፈረድበትም። እኔ በገጸ ባሕርይ በር እገባለሁ፤ ያውም በጠባቧ በኩል።

ይህን እንዳናውቅ የሚጋርደን ይሉኝታ ነው። ደራሲው ስመ ጥር ከሆነ ሳንወደው «ወደድኩት» እንላለን፤ ስም ከሌለው ወደነውም እናፍርበታለን። አይ. ኤ. ሪቻርድስ የተባለው የካምብሪጅ መምህር ይህን ፈትኖታል። የደራሲዎቹን ስም ደብቆ ለተማሪዎቹ ግጥሞች ሰጠና የመሰላቸውን እንዲጽፉ አደረገ፤ ውጤቱን በ1929 እ.ኤ.አ. በመጽሐፍ አወጣው። ስሙ ሲሸፈን የታላላቆቹ ሥራ ተናቀ፤ የማይታወቁት ተሞገሱ። ሽፋኑን በጋዜጣ ጠቅልሎ ማንበብ የሚረዳ ይመስለኛል፤ ሞክሩት።

በሌላ ወገን ደግሞ ዝነኛን መጥላት እንደ ጀግንነት የሚቆጥሩ አሉ፤ እነሱንም አላምናቸውም። ቶልስቶይ ሼክስፒርን አይወድም ነበር፤ በ1906 እ.ኤ.አ. በታተመ ድርሰቱ በይፋ ተናግሯል። ግን እንዴት ነው የጠላው? በሩሲያኛ፣ በእንግሊዝኛና በጀርመንኛ ደጋግሞ አንብቦ፣ በ75 ዓመቱ ሥራዎቹን እንደገና ከዳር እስከ ዳር አይቶ፣ ከዚያ «ኪንግ ሊር»ን ትዕይንት በትዕይንት እየዘረዘረ ነው። አልስማማም፤ ግን እንዲህ ያለ ጥላቻ ያስከብራል። በሦስተኛው ገጽ ላይ «አይረባም» ብሎ የሚወረውር ሰው ስለ መጽሐፉም ስለ ራሱም ምንም አላወቀም።

ታዲያ ማቆም ክልክል ነው ወይ? አይደለም። እኚሁ ናንሲ ፐርል ለዚህም ልክ አላቸው፤ 50 ገጽ አንብቡ፣ ካልያዛችሁ ተዉት። ዕድሜያችሁ ከ50 ካለፈ ከ100 ላይ ዕድሜያችሁን ቀንሱ፤ የቀረው ነው የገጹ ቁጥር። የ80 ዓመት ሰው 20 ገጽ ብቻ ነው ዕዳው ማለት ነው። እኔ የምጨምረው አንድ ነገር ነው፤ ያቆማችሁበትን ገጽና ያስቆማችሁን ዓረፍተ ነገር ጻፉ። ከጨረሳችኋቸው መጻሕፍት ይልቅ ያቋረጣችኋቸው ስለ እናንተ ብዙ ይናገራሉ።

አሁን ደግሞ ልኬቴን ስላፈረሰብኝ መጽሐፍ ልናገር፤ እሱን ዘልዬ ብሄድ ፍትሕ አይሆንም። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ሰሞኑን በድጋሚ አንብቤዋለሁ። የታተመው በ1958 ዓ.ም. ነው። ከአቼቤው ጋር ቁጥሩ መግጠሙን አያችሁ? የዘመን አቆጣጠሩ ነው እንጂ በመካከላቸው ዓመታት አሉ። ሐዲስ ዓለማየሁ ዝም የሚሉ ደራሲ አይደሉም፤ ይገልጻሉ፣ ያብራራሉ፣ ይመክራሉ። እኔ ባወጣሁት ሕግ መሠረት ልወደው አይገባም ነበር። ወደድኩት፤ ያውም እንደ ድሮው አይደለም። ድሮ የሰብለ ወንጌልንና የበዛብህን ገጾች እየፈለግሁ ሌላውን እሮጥበት ነበር። አሁን የቆምኩት ጉዱ ካሳ ዘንድ ነው። እውነቱን እየተናገረ እንደ እብድ የሚታይ ሰው ሲናገር፣ ደራሲው ማብራራቱን ትተው መድረኩን ለእሱ ይለቃሉ። ፊታውራሪ መሸሻም እንዲሁ፤ ራሳቸው ሲናገሩ እንስቃለን፣ ከዚያ መሳቃችን ይከነክነናል። ርቀቱን ያጠበበልኝ ተራኪው ሳይሆን ንግግራቸው ነው። ደግሞ ብዙዎቻችን ይህን መጽሐፍ የምናነበው በወጋየሁ ንጋቱ የሬዲዮ ትረካ ድምፅ ነው፤ ዓይናችን ገጹ ላይ ሆኖ ጆሯችን እሱን ይሰማል። ከዚህ ውስጥ የትኛው የሐዲስ፣ የትኛው የወጋየሁ እንደሆነ መለየት አልቻልኩም።

ምርጫችን ከዕድሜ ጋር መለወጡን ፈላስፋው ዴቪድ ሂዩም በ1757 እ.ኤ.አ. ጽፎታል፤ ከጥንት የሮም ጸሐፊዎች በሃያ ዓመት የፍቅር ገጣሚው ኦቪድ፣ በአርባ ሆራስ፣ በሃምሳ ምናልባት የታሪክ ጸሐፊው ታሲተስ ይወደዳል ብሎ። በፍቅር ጀምሮ በፖለቲካ የሚጨርስ አንባቢ ማለት ነው። ከሰብለ ወደ ጉዱ ካሳ የተጓዝኩት እኔም ከዚህ አላመለጥኩም። ለዚያ ነው በሃያዎቹ ውስጥ ላሉ ወዳጆቼ የምወደውን መጽሐፍ በግድ የማልሰጣቸው። የት ላይ እንዳቆሙ እጠይቃለሁ፤ ከዚያ ተነስቼ አንድ እመርጣለሁ፤ አንዳንዴ ይሳካልኛል።

እኔ ጨርሻለሁ። ጊዜ ስላለን ወደ ውይይቱ እንግባ፤ ግን «አሪፍ ነው» የሚል አስተያየት አንቀበልም፤ ገጹንና ቦታውን ጥቀሱ። በተለይ «የመቶ ዓመት ብቸኝነት»ን የሚሟገትልኝ ካለ፣ እንዳለም ከፊት ወንበር ላይ ካሉት ፊቶች እያየሁ ነው፣ ማይክሮፎኑ ወደ እሱ ይሂድ።