ደሴ ፒያሳ ላይ 15 ፎቅ ቢቆም፣ ከሥሩ ምን አለ?

[ምስል፦ ከጦሳ ላይ ወደ ታች የምትታይ ደሴ፤ ጠዋት፣ ጉም]

ሰላም፣ እንዴት ናችሁ? ይቺ ደሴ ናት። በስተምዕራብ ጦሳ፣ በስተምሥራቅ አዝዋ ገደል፣ መሃል ላይ የቦርከና ወንዝ። ከተማዋ በሁለት ተራራ መሃል ተወሽቃ ነው ያደገችው። ወደ ጎን መስፋት ሲያቅታት ወደ ላይ መውጣት ጀመረች። ፒያሳ አካባቢ አሮጌው የጭቃ ቤት ሲፈርስ መስታወት የለበሰ ፎቅ ይተካል።

እንግዲህ አንድ ባለሀብት መጥቶ «እዚህ ባለ 15 ፎቅ ላቁም» አለ እንበል። ሁላችንም መጀመሪያ የምናየው ባነሩን ነው። ሕንፃው ያበራል፣ ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፣ በሩ ላይ አዲስ መኪና ቆሟል። ደስ ይላል። ግን ደሴ ላይ የፎቅ ጉዳይ የሚወሰነው ታች ነው።

ለምን? ይህ ሸለቆ የተፈጠረው መሬቱ ተሰንጥቆ መሃሉ ሲሰምጥ ነው። ከሥር ጥቁር ድንጋይ፣ ባዛልት አለ። በላዩ ደግሞ ከተራራው በናዳ የወረደ አፈርና ድንጋይ፣ ቦታ ቦታም ድሮ ሐይቅ ያስቀመጠው ደለል ተነጥፏል። ደለሉ በጋ ላይ ደረቅ ነው። ክረምት ውሃ ሲጠጣ ይከብዳል፣ ይለሰልሳል፤ ዳገት ላይ ከሆነ ይንሸራተታል። ዳገት ላይ የሚኖር የደሴ ሰው ይህን ያውቀዋል። የነሐሴ ዝናብ ሲበረታ ግድግዳው ይሰነጠቃል፣ በሩ አልዘጋ ይላል።

[ምስል፦ የአፈር ምርመራ ማሽን፣ ከቅርብ]

ታዲያ ከሥር ያለው በምን ይታወቃል? መሬቱ ይበሳል። ጉድጓዱ ውስጥ የብረት ቱቦ ይገባል። ከዚያ 63.5 ኪሎ የሚመዝን መዶሻ ከ76 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ይለቀቅበታል። ጧ! ይነሳል፣ እንደገና ጧ! የመጀመሪያው 15 ሳንቲ ሜትር አይቆጠርም። ከዚያ በኋላ ቱቦው 30 ሳንቲ ሜትር እስኪገባ ስንት ምት እንደፈጀ ይመዘገባል። ጭቃማ አፈር ላይ 3 ወይም 4 ምት ብቻ ከበቃው ልስልስ ነው። 50 ተመትቶም አልገባ ካለ ጠጣር ነገር ተገኝቷል። ወረቀቱ ላይ ተራ ቁጥር ይመስላል፤ መሠረቱን የሚወስነው ግን እሱ ነው። አፈሩ ደካማ ከሆነ ክብደቱ በፓይል፣ ማለትም በጥልቅ የኮንክሪት ምሰሶ፣ እስከ ጠንካራው ድንጋይ ይወርዳል። ወጪው ከባድ ነው። ቢሆንም እዚህ ላይ ቆጥቦ ለእብነ በረድ ማውጣት ልክ አይደለም።

መንቀጥቀጥም አለ። ግንቦት 1953 ካራቆሬ አካባቢ የተነሳው የማጀቴን ከተማ አፍርሷታል። ካራቆሬ ደግሞ ከደሴ ወደ አዲስ አበባ ስትሄዱ መንገዳችሁ ላይ ናት። ልስልስ አፈር መንቀጥቀጥን ያጎላል። መስከረም 1978 ሜክሲኮ ሲቲን የመታው ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ የተነሳ ነበር። ክፉኛ የተጎዱት የድሮ ሐይቅ ደለል ላይ የቆሙ፣ በተለይ ከ6 እስከ 15 ፎቅ ያላቸው ሕንፃዎች ናቸው። የደለሉና የሕንፃው መወዛወዝ ገጠመ። ዥዋዥዌ ላይ ያለ ልጅ በልኩ ሰዓት ሲገፋ እንደሚከንፈው ማለት ነው።

ሕጉም ዝም አላለም። በ2001 የወጣው የሕንፃ አዋጅ ከ12 ሜትር በላይ የሚረዝመውን ሁሉ ምድብ «ሐ» ውስጥ አስገብቶት ነበር፤ ጥብቅ ቁጥጥር የሚሻ ምድብ ነበር።

[ምስል፦ የተቆፈረ ቤዝመንት፣ ጠርዙ ላይ አሮጌ ቤት]

አሁን ወደ ጎረቤቱ እንምጣ፤ እኔን የሚያሳስበኝ እሱ ነው። ዳገት ሥር ለቤዝመንት ሲቆፈር ከላይ ያለው ቤት የተደገፈበት አፈር ይነሳል። ድጋፉ ከቁፋሮው ጋር እኩል መሠራት አለበት። ክረምት እስኪገባ ተከፍቶ የከረመ ጉድጓድ አደጋ ነው።

አጠገባችሁ ፎቅ ሊጀመር ነው? የአፈር ምርመራው ውጤት የት አለ ብላችሁ ጠይቁ። ቁፋሮው ሳይጀመር ግድግዳችሁን በስልክ ፎቶ አንሱ። ስንጥቅ ካለ ጫፉ ላይ በእርሳስ ሰረዝ አድርጉና ቀኑን ጻፉበት። ስንጥቁ ሰረዙን ካለፈ አታሳድሩት፤ ያኑ ዕለት መሐንዲሱን ጥሩ፣ ለማዘጋጃ ቤትም አመልክቱ።