የልጆቻችን ክርን የዋንጫ ማስያዣ አይደለም

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ልጆችም፤ እንደምን አመሻችሁ።

አዘጋጆቹ የሰጡኝ ርዕስ «የዋሽንግተን ናሽናልስ ወጣት ስታርተሮች ተስፋ» የሚል ነው፤ ናሽናልስ የከተማችን የቤዝቦል ቡድን ነው፣ ስታርተር ደግሞ ጨዋታውን የሚጀምረው ኳስ ወርዋሪ (ፒቸር)። ልጆቹ ናቸው የመረጡት፣ ስለዚህ አከብረዋለሁ። የመጣሁበት ጉዳይ ግን የልጆቻችንን ቤዝቦል ለማየት ቅዳሜ ቅዳሜ ወንበር ዘርግተን ከምንቀመጥበት ሜዳ ነው።

እዚህ አካባቢ የቆየን ሰዎች ጁን 2010ን አንረሳውም። ስቲቨን ስትራስበርግ የሚባል የ21 ዓመት የናሽናልስ ወጣት ፒቸር ለመጀመሪያ ጊዜ ወጥቶ 14 የፒትስበርግ መቺዎችን በስትራይክ አውት፣ ማለትም ሦስት ስትራይክ ቆጥሮባቸው፣ መለሰ። ቤዝቦል ምን እንደሆነ የማናውቅ ሁሉ በዚያን ሳምንት ስሙን ተማርን። የዚያ ዓመት የጨዋታ ወቅት ሳያልቅ የክርኑ ጅማት ተበጠሰ፤ ቶሚ ጆን የሚባለው ቀዶ ጥገና ተደረገለት። ከሌላ የሰውነት ክፍል ጅማት ተወስዶ የክርን አጥንት ተበስቶ የሚታሰርበት፣ ለማገገም ከዓመት በላይ የሚፈጅ ሕክምና ነው።

በ2012 ቡድኑ 98 ጨዋታ አሸነፈ። በዚያው ዓመት ዋና ሥራ አስኪያጁ ማይክ ሪዞ፣ ፕሌይኦፍ (የዋንጫው ማጣሪያ) ደጃፍ ላይ ቆመው ሳለ፣ ስትራስበርግን በዓመቱ 159 ኢኒንግ (የጨዋታ ዙር) ከአንድ ሦስተኛ ከወረወረ በኋላ ክንዱን ለማዳን «በቃህ» ብሎ አስቀመጠው። ከተማው ተቆጣ። ሴንት ሉዊስን 6 ለ 0 ይመሩ የነበረውን ወሳኝ ጨዋታ ተሸንፈው ሲወጡማ ሪዞን ያልረገመ አልነበረም። እስከ ዛሬ የሚወቅሱት አሉ፤ እዚህ አዳራሽ ውስጥም እንዳላችሁ አውቃለሁ። እኔ ያኔም ዛሬም ከሪዞ ጋር ነኝ። በ2019 ናሽናልስ ሂውስተንን አሸንፈው ዋንጫ ሲያነሱ የወርልድ ሲሪሱ፣ የዋንጫው ፍጻሜ፣ ኮከብ ሆኖ የተመረጠው ማን ነበር? ያው «በቃህ» የተባለው ልጅ ነው!

ከዚያ በኋላ የ7 ዓመት የ245 ሚሊዮን ዶላር ውል ፈረመ። በዚያ ውል የጀመረው ግን 8 ጨዋታ ብቻ ነው፤ ሰውነቱ እምቢ ብሎ በ2024 ጡረታ ወጣ። እንዲህ ተቆጥሮለት፣ እንዲህ ተጠብቆ እንኳ።

አሁን ወደ ወጣቶቹ ልምጣ። ጆሳያ ግሬይ በ2021 ማክስ ሸርዘርና ትሬ ተርነር ሲሸጡ በምትካቸው ከመጡት አንዱ ነው። በ2023 ለኦል ስታር፣ ለምርጦች ጨዋታ፣ ተመረጠ፤ በ2024 ክርኑ ላይ ቀዶ ጥገና ተደረገለት። ኬድ ካቫሊን ናሽናልስ በ2020 በወጣቶች ምርጫው (ድራፍት) የመጀመሪያ ዙር መረጡት። በኦገስት 2022 አንድ ጨዋታ ጀመረ፣ በቀጣዩ ማርች ያው ቀዶ ጥገና፤ ወደ ሜጀር ሊግ፣ ወደ ትልቁ ሊግ፣ የተመለሰው በ2025 ነው። ተስፋቸው ምንድን ነው ብላችሁ ከጠየቃችሁኝ መልሴ ይኸው ነው፦ ፍጥነት ሞልቷቸዋል፣ የጎደላቸው ጤነኛ ክንድ ነው። የሜጀር ሊግ መሥሪያ ቤት ራሱ በ2024 መጨረሻ ባወጣው ጥናት እያንዳንዱን ኳስ ባለ በሌለ ኃይል የመወርወር ሩጫ ለጉዳቱ ትልቅ ምክንያት እንደሆነና ችግሩም ወደ ልጆች ቤዝቦል እንደወረደ ተናግሯል።

ሐኪምና ካሜራ በየደቂቃው የሚከታተላቸው ጎልማሶች እንዲህ ከሆኑ የእኛ የ11 ዓመት ልጅ ምን ይሆናል?

ባለፈው ወቅት በአንድ ቶርናመንት ላይ ያየሁትን ልንገራችሁ። የቡድኑን ስም አልጠራም። ልጁ ጠዋት ለአንድ ቡድን ወረወረ፤ ከሰዓት ለሌላ ቡድን እንደገና ወጣ። በየኳሱ መሃል የክርኑን ውስጠኛ ጎን በጓንቱ ይነካካል። ቁጥር የያዘችው እናቱ ብቻ ነበረች፤ በደረሰኝ ጀርባ ላይ በእስክሪብቶ መስመር ታሰምራለች። መቶ ሲያልፍ ሄዳ ለአሰልጣኙ አሳየችው። «ልጁ ደህና ነኝ ብሎኛል» አላት። የ11 ዓመት ልጅ ከአሰልጣኙ ፊት ሌላ ምን ይላል? ማታ ቤታቸው ተጋብዘን እራት ላይ ልጁ በግራ እጁ እንጀራ ሲቆርስ አያቱ «በቀኝህ ብላ እንጂ፣ ምን ነካህ?» ብለው ተቆጡት። ልጁ አቀርቅሮ «እማማ፣ አልታጠፍ አለኝ» አለ።

ይህን ልጅ «ጠንካራ ነው» ብለው ያጨበጨቡለት ሰዎች ነበሩ። ጠንካራ አይደለም! አጥንቱ ገና እያደገ ያለ ሕፃን ነው። ዋንጫው ፕላስቲክ ነው፤ ክርኑ ግን የራሱ ነው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይላሉ አባቶቻችን፤ ይህን ግን አፍሰን የምንለቅመው አይደለም።

ሕጉ ተጽፎ ተቀምጧል። ፒች ስማርት የሚባለው የሜጀር ሊግና የዩ ኤስ ኤ ቤዝቦል መመሪያ ለ9 እና ለ10 ዓመት ልጅ በቀን ቢበዛ 75፣ ለ11 እና ለ12 ዓመት 85 ኳስ ይፈቅዳል። 14 ዓመትና ከዚያ በታች ያለ ልጅ በቀን 66 ኳስ ከደረሰ ቢያንስ 4 ቀን ያርፋል። በዓመት ውስጥም ቢያንስ 4 ወር ከመወርወር ይታቀባል። ይህን የሚያስከብር ዳኛ ግን በየቶርናመንቱ የለም፤ በሁለት ቡድን የወረወረውን ደግሞ ከወላጅ በቀር ማን ይደምረዋል?

ስለ ስኮላርሺፕ የምትጠይቁኝ አላችሁ። የኮሌጅ መልማዮች በ12 ዓመቱ ማን እንደፈጠነ አይጠይቁም፤ በ17 ዓመቱ ጤነኛ ሆኖ የሚወረውረውን ነው የሚፈልጉት። ካቸር፣ ከመቺው ጀርባ ሆነው ኳስ የሚቀበሉትንም አስቡ፤ እነሱም ኳሱን መልሰው ይወረውራሉ፤ በአንድ ቀን ፒቸርም ካቸርም የሚሆን ልጅ ክንዱ አያርፍም። በክረምቱ እግር ኳስ ይጫወቱ፣ ይሩጡ።

ከመውጣታችሁ በፊት በሩ አጠገብ ካለው ጠረጴዛ አንድ አንድ የመቁጠሪያ ካርድ ውሰዱ። ቀን፣ ቡድን፣ የኳስ ብዛት መጻፊያ አለው። ልጃችሁን የምታስመዘግቡት ካርዱን አይቶ ለሚፈርም አሰልጣኝ ብቻ ይሁን። አልፈርምም ካለ የከፈላችሁትን ገንዘብ ጠይቃችሁ ልጃችሁን ይዛችሁ ውጡ፤ እኛም አብረናችሁ እንወጣለን።

አመሰግናለሁ።